የምስማር ቀዳዳ
ስለ ነሐስ ሰሌዳ ቅርጽና ስለ መሰብሰብ ታሪክ

በግድግዳ ላይ የሚሰቀል የነሐስ ሰሌዳ ከሌሎች የኪነ ጥበብ ሥራዎች የሚለይበት ጠባይ አለው። ሐውልት በራሱ እግር ይቆማል፤ መጽሐፍ የትም ተይዞ ይነበባል፤ ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ባለሙያዎች ሪሊፍ የሚሉት፣ ምስሉ ከሰሌዳው ገጽ ከፍ ብሎ የሚወጣበት የነሐስ ሥራ ግን ያለ ግድግዳ አይኖርም። ሲሠራ ጀምሮ የታሰበው ለአንድ ግድግዳ ወይም ለአንድ ዓምድ ነው፤ ብርሃን ከየት ወገን እንደሚያርፍበት፣ ተመልካቹ ከምን ያህል ርቀት እንደሚቆም፣ ከጎኑ የሚሰቀለው ሌላው ሰሌዳ ምን እንደሚናገር ሁሉ አስቀድሞ ይታሰባል። በማዕዘኖቹ ላይ የሚታዩት የምስማር ቀዳዳዎች የዚህ ዝምድና ምስክሮች ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሰበስብ ሁሉ፣ ሙዚየምም ይሁን ግለሰብ፣ በእጁ የያዘው የታሪኩን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ በግድግዳው ላይ ቀርቷል።

ይህን ነገር ከሀገራችን ታሪክ መመርመር የምንጀምረው ከአክሱም ነው። ንጉሥ ዒዛና የቤጃን ሕዝቦች ድል ካደረገ በኋላ በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ፊደል ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስሎችን ለአምላኩ እንዳቆመ ይናገራል። ከአምስቱ ምስሎች ዛሬ አንዱም የለም። በ1898 ዓ.ም. በአክሱም የሠራው የጀርመን የጥናት ቡድን ግን አንድ የድንጋይ መቆሚያ አግኝቷል፤ በላዩ የሁለት እግሮች ማስገቢያ የተቦረቦረ ሲሆን የእያንዳንዱ ርዝመት 92 ሳንቲ ሜትር ነው። ምስሉ ጠፍቶ የእግሩ ጉድጓድ ቀረ። ከታላላቆቹ ሐውልቶችም አናታቸውን ለሚያስተውል ሰው የምስማር ቀዳዳዎች ይታዩታል፤ ሊቃውንቱ በዚያ የብረታ ብረት ሰሌዳ ተመትቶ እንደነበረ ይናገራሉ። በሰሌዳው ላይ ምን ተቀርጾበት ነበር? ጨረቃ? ፀሐይ? መስቀል? ድንጋዩ ዝም ይላል። ከ1,600 ዓመት በላይ ዝናብና ነፋስ የቻለው ድንጋይ አለ፤ በላዩ ያበራ የነበረው ብረት ደግሞ ቀላጭ፣ ተሸጋጋሪና ተፈላጊ በመሆኑ የለም።

አክሱማውያን በነሐስ ላይ ምስል ማውጣትን እንዴት እንደቻሉበት ለማየት ከፈለግን ገንዘባቸውን ማየት ይበቃናል። በጣት ጫፍ የሚያዘው የመዳብና የነሐስ ገንዘብ የንጉሡን ፊት፣ የስንዴውን ዛላና ኋላም መስቀሉን ከፍ አድርጎ ያሳያል። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ በምስሉ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ቀጭን ወርቅ ተለብጧል፤ ይህ በጥንቱ ዓለም ገንዘብ ላይ እምብዛም የማይገኝ ጥበብ ነው። በእኔ አስተያየት እነዚህ ጥቃቅን ገንዘቦች ከጠፉት ታላላቅ ሰሌዳዎች የቀሩልን ትንንሽ እኅቶች ናቸው።

እንግዲህ በአክሱም ቀዳዳው ቀርቶ ሰሌዳው ጠፋ። ሰሌዳው ቀርቶ ግድግዳው የጠፋበትን ሀገር ለማየት ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ ዛሬ ናይጄርያ ወደሚባለው ሀገር፣ ወደ ቤኒን ከተማ መሻገር ያስፈልጋል። የቤኒን ንጉሥ ኦባ ይባላል። የኦባው አንጥረኞች በተለይ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የቤተ መንግሥቱን የእንጨት ዓምዶች በነሐስ ሰሌዳ ሸፈኑ። በሰሌዳዎቹ ላይ ኦባው ከአጃቢዎቹ ጋር፣ ጦረኛው ከጋሻው ጋር፣ ጥሩምባ ነፊው፣ ነብሩ፣ ዓሣው፣ መዳብ ይዞ የመጣው ፖርቱጋላዊ ነጋዴ ሳይቀር ተቀርጸዋል። ኦልፈርት ዳፐር የተባለው ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1668 ባሳተመው መጽሐፍ የቤተ መንግሥቱ ዓምዶች ከላይ እስከ ታች በመዳብ ቅርጽ እንደተሸፈኑና የጦርነት ታሪክ እንደሚያሳዩ ጽፏል። ፊደል ባልነበረው ቤተ መንግሥት ዓምዱ መዝገብ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1897፣ የአድዋ ድል አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የእንግሊዝ ጦር ቤኒንን ያዘ። ኦባ ኦቮንራምዌን ወደ ካላባር ተጋዘ፤ ከተማው ተቃጠለ፤ ብዛታቸው ከ800 የሚበልጥ የነሐስ ሰሌዳዎችና በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ሥራዎች ተወሰዱ። ሰሌዳዎቹ በዚያን ጊዜ ከዓምዶቹ ወርደው በግምጃ ቤት አቧራ ለብሰው ተከማችተው ነበር። እንዲያም ሆኖ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የትኛው ከየትኛው ዓምድ እንደነበረ፣ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚነበብ ሊነግሩ የሚችሉ ሽማግሌዎችና የአንጥረኞች ማኅበር አባላት ነበሩ። የጠየቃቸው የለም። ወታደሩ ሣጥን ቆጠረ፤ ነጋዴው ዋጋ ቆጠረ፤ ሙዚየሙ ቁጥር ጻፈ። ለንደን፣ በርሊን፣ ቪየና እየተከፋፈሉ ከሄዱ በኋላ እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ የሰሌዳዎቹን ጥንታዊ ቅደም ተከተል በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የለም። የአንድ መጽሐፍ ገጾች ተገንጥለው፣ እያንዳንዱ ገጽ በየሀገሩ በመስተዋት ሥር ሆኖ ሲደነቅ ይታያል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2022 ከ1,000 በላይ የቤኒን ሥራዎችን የባለቤትነት መብት ለናይጄርያ አስተላለፈች፤ ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2025 119 ሥራዎችን መለሰች። ነሐሱ መመለስ ጀምሯል። ቅደም ተከተሉ ግን በአውሮፕላን ተጭኖ የሚመለስ ነገር አይደለም።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ «በእኛ ሀገር ከአክሱም በኋላ ግድግዳን በነሐስ ማልበስ ለምን አልቀጠለም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቅርጽ ማውጣት ስላልቻልን እንዳልሆነ ላሊበላ ይመሰክራል፤ በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ የቆሙት ቅዱሳን ከድንጋዩ ወጥተው ወደ ሰው የሚራመዱ ይመስላሉ። መልሱን ለማግኘት ወደ ጣና ዳርቻ መውረድ ይሻላል። በዘጌና በደሴቶቹ ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ ግድግዳቸውን የሚያለብሱት በሥዕል ነው። ሥዕሉ በሸማ ላይ ተሥሎ ሸማው በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በእንጨት፣ በጭቃና በጭድ የቆመ ግድግዳ ሸማ ይሸከማል፤ ከባድ ነሐስ ቢመታበት ግን ይፈረካከሳል። መዳቡም ቢሆን ከሩቅ፣ ከቀይ ባሕር ወደብ በነጋዴ ጫንቃ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር። ስለዚህ ነሐስ በእኛ ዘንድ ከግድግዳ ወርዶ በሰው እጅ ገባ፤ የመጾር መስቀል ሆኖ ከፍ አለ፣ ጸናጽል ሆኖ ተንሿሿ፣ ጽና ሆኖ ጢሱን አወዛወዘ፣ ቃጭል ሆኖ ጠራ። ቤኒን ለነሐስ መቀመጫ ሰጠችው፤ እኛ እንቅስቃሴና ድምፅ ሰጠነው። በቅርጽ የተዋቡትን የጎንደር ዘመን መስቀሎች ፊትና ጀርባ ያየ ሰው፣ ቅዱሳኑና ሐረጉ የተፈለፈሉበት እያንዳንዱ መስቀል የሚሄድ ሰሌዳ መሆኑን ይረዳል።

ስለ አሠራሩ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የቤኒን አንጥረኛም የእኛም አንጥረኛ ምስሉን አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፤ ጭቃው በእሳት ሲጠብስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ብረት ይፈሳል። ጭቃው ሲሰበር ሥራው ይወጣል። የቅኔያችን ሊቃውንት «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም የወሰዱት ከዚሁ ከአንጥረኛው ቤት ነው። ከአንጥረኛው ይህን ያህል ትልቅ ቃል የተበደረው ማኅበረሰብ አንጥረኛውን ራሱን እንዴት እንደያዘው ሲታሰብ ያሳዝናል። ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ እያለ ሲሰድበው ኖሯል፤ ከጋብቻና ከርስት ሲያርቀው ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበረ ቢያዩ ነው። በጎንደርና በጣና ዙሪያ ብዙውን የብረትና የሸክላ ሥራ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ መስፋቸውንና ወናፋቸውን ትተው፣ እጃቸው ያወቀውን ይዘው ሄዱ። የሠሩት ዕቃ በየቤቱና በየዕቃ ቤቱ አለ፤ የሠራው ሰው ስም ግን የተጻፈበት ሥራ ማግኘት ብርቅ ነው።

አሁን ወደ ይፋግ እንምጣ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታን ካለፈ በኋላ፣ አዲስ ዘመን ሳይደርስ የሚያገኛት ይህች ከተማ በ19ኛው መቶ ዘመን በጎንደር መንገድ ላይ ከነበሩት የታወቁ ገበያዎችና የቀረጥ ኬላዎች አንዷ ነበረች። አሞሌው፣ ቡናው፣ ጥጡ፣ የነጋዴው መዳብ ሁሉ በዚህ ያልፍ ነበር። ከዚህ በስተምሥራቅ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ደግሞ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያቋቋሙት የብረታ ብረት ማቅለጫ በአካባቢው ታሪክ ከታየው ሁሉ ትልቁ ነው። ከዚያ እቶን የወጣው ግን ምስል አልነበረም፤ ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ 70 ኩንታል የሚገመተው መድፍ ነበር። እስከ መቅደላ በሰው ትከሻና ክንድ ተጎትቶ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ አለ።

በመቅደላ የተሰበሰበው መድፍ ብቻ አልነበረም። እዚህ ላይ ስለ መሰብሰብ ስንናገር እውነቱን ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍትን፣ መስቀሎችንና ሌሎች ንዋያተ ቅድሳትን ወስደው፣ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አከማቹ። ከየትኛው ደብር ምን እንደተወሰደ የሚያስረዳው የደብሩ ሰው ነበር፤ የደብሩ ሰው ደግሞ ተበትኗል። ስለዚህ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ዘረፋው በዘረፋ ላይ መጣ። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምዝ ከሠራዊቱ ጋር ነበር። ዕቃው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም በሐራጅ ተሸጠ፤ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። የመጻሕፍቱ ባለቤት በኅዳጋቸው ከተጻፈው ይታወቃል። መስቀል ግን ጽሑፍ ካልተቀረጸበት በቀር ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ በዓለም ሙዚየሞች «ኢትዮጵያ፣ መቅደላ» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ብረት ሁሉ ከመቅደላ በፊት የነበረ ቤት ነበረው።

የግድግዳው ቅሚያ ከዚህም በኋላ አልቀረም። በማርሴል ግርዮል የተመራው የፈረንሳይ ጓድ ከዳካር ወደ ጅቡቲ ሲያቋርጥ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቅቆ ወሰደ። በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊ የሠራው ግልባጭ ተለጠፈ። የሚያስገርመው ይህ ጓድ እንደ መቅደላ ወታደር ያለ መዝገብ የዘረፈ አልነበረም፤ ጻፈ፣ ለካ፣ ፎቶግራፍ አነሣ። ዛሬ በፓሪስ ያለውን ሥዕል የትኛው ግድግዳ እንደሚጠይቀው የምናውቀው በዚያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ወንጀሉን አያጥብም፤ የይገባኛል ጥያቄውን ግን ሕያው አድርጎ አቆይቶታል።

የቅርጽ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ አደባባይ የተመለሰው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ይዘውት የመጡትም በአብዛኛው የውጭ ሀገር እጆች ናቸው። በ1923 ዓ.ም. በለገሃር የቆመው የፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ የይሁዳ አንበሳ በመቆሚያው ላይ የነገሥታት ፊት ቅርጾች አሉት። ፋሺስቶች አንበሳውን ወደ ሮም ወሰዱት፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. በሮም አደባባይ ሰይፉን የመዘዘው በዚህ አንበሳ ምክንያት ነው፤ አንበሳው ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ የተመረቀው የትግላችን ሐውልትም በግራና በቀኙ የቅርጽ ግድግዳዎች አሉት፤ ያቆመው ሥርዓት ከወደቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም ግድግዳዎቹ የዚያን ዘመን አነጋገር ይዘው ቆመዋል።

ከሁሉም ግን የስድስት ኪሎውን የየካቲት 12 ሐውልት አስቀድማለሁ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የሠሩት ሁለቱ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። በሐውልቱ ታችኛ ክፍል ዙሪያ ያሉት የነሐስ ቅርጾች በ1929 ዓ.ም. የተፈጸመውን ጭፍጨፋና የሐዘኑን ጉዞ ያሳያሉ። ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሰዎቹ ከነሐሱ የሚወጡበት መጠን አንድ ዓይነት አይደለም፤ የቀረበው ጎላ ብሎ፣ የራቀው ደብዘዝ ብሎ ተሠርቷል፤ የጧት ፀሐይና የማታ ፀሐይ ሲያርፉበት ሁለት የተለያየ ትዕይንት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቅርጾቹ የቆሙት በታሪኩ በራፍ ላይ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበት የገነተ ልዑል ግቢ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ከዚያ አንድ አደባባይ ማዶ ነው። እነዚህን ሰሌዳዎች ነቅሎ በዓለም ውብ አዳራሽ ውስጥ ቢሰቅሏቸው ሥራቸው አንድ ዘለላ አይጎድልም፤ ትርጉማቸው ግን ከአደባባዩ ጋር ይቀራል። ያው አውጉስቲንቺች በሐረር ያቆመው የራስ መኮንን የፈረስ ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ወድቋል። በአደባባይ የቆመ ነሐስ ከሰብሳቢም ከአፍራሽም ዕድሜ የሚለምን ፍጡር ነው።

ከአደባባዩ ወደ ቤት ስንገባ ደግሞ ሌላ ዓለም እናገኛለን። በየሳሎኑ የሚሰቀሉ ከመዳብና ከነሐስ ቆርቆሮ ተቀጥቅጠው የወጡ ሰሌዳዎች አሉ፤ የፋሲል ግንብ፣ የአክሱም ሐውልት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ እንስራ የተሸከመች ሴት። ምሁራን ናቁዋቸው፤ «የቱሪስት ዕቃ» ተባሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቆርቆሮውን በቅጥራን ላይ አስተኝቶ ከጀርባው በመዶሻ እየመታ የግንቡን ጥርስ አንድ በአንድ የሚያወጣ ሰው አንድ የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ከአንዱ ሠሪ የፋሲል ግንብ ከሌላው ሠሪ የፋሲል ግንብ በመዶሻው ምት ይለያል። አሁን ካልሰበሰብናቸው መቼ ልንሰበስባቸው ነው?

ሌላው ሰብሳቢ አይተኛምና። በይፋግ ገበያ ዳር፣ ቆራሌው ከየመንደሩ ለቅሞ ባመጣው ብረት ክምር ላይ፣ መሐሉ የታጠፈ የነሐስ ሰሌዳ አይቻለሁ። ፈረሱና የጦሩ ጫፍ በግልጽ ይለያሉ፤ ዘንዶው ከታጠፈው በታች ቀርቷል። ከየት ቤት እንደመጣ ወጣቱን ጠየቅሁት።

«እኔ ምኑን አውቄ ጋሼ? ከማዳበሪያ ጋር አብሮ ነው የመጣ። ይውሰዱት ካሉ በኪሎ ነው።»

ይህ ልጅ አልዋሸም፤ አላጠፋምም። የቤኒንን ዘራፊዎች፣ የደላንታን ሐራጅና ይህን ሚዛን የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ ሦስቱም ዘንድ ዕቃው የሚሰፈርበት መለኪያ አለ፣ የመጣበት ቤት ግን አይጠየቅም። ልዩነቱ፣ የቆራሌው መጨረሻ ሙዚየም ሳይሆን እቶን መሆኑ ነው። በአክሱም አናት ላይ የነበሩት ሰሌዳዎችም ምናልባት የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ሌላ ዓይነት መሰብሰብ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ እዚሁ ሀገር ውስጥ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የመስቀልና የሥዕል ስብስብ፣ ስታኒስላው ሆይናትስኪ የተባሉት የፖላንድ ተወላጅ ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት ያደራጁት ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ከሀገር ሊወጣ የደረሰን ቅርስ ከነጋዴ እየገዛ ለሙዚየሙ ሲሰጥ ቆይቷል። ሕጉም አለ፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል፣ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል። ነገር ግን አዋጁ የሚደርሰው «ቅርስ» ተብሎ እስከ ታወቀው ድረስ ነው። በሳሎን የተሰቀለው፣ የሠሪው እጅ ገና በሕይወት ያለው የመዳብ ሰሌዳ በማንም መዝገብ ውስጥ የለም።

መምህራን ይህን ከተማሪዎቻቸው ጋር ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ገንዘብም ሙዚየምም አያስፈልገውም። አንድ ደብተር ይበቃል። ሰሌዳው ከማን ቤት፣ ከየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ግድግዳ ወረደ? ማን ገዛው፣ ከየትኛው ገበያ፣ ለምን በዓል ወይም ለማን ስጦታ? ከጎኑ ምን ተሰቅሎ ነበር? ሠሪው ይታወቃል ወይ፤ ልጁ ወይም ደቀ መዝሙሩ አለ ወይ? ባለቤቷ እመት እናት ከሆኑ ቁጭ ብሎ እስኪጨርሱ መስማት ነው፤ የሰሌዳውን ታሪክ የሚናገሩት ከልጃቸው ሠርግ ወይም ከባላቸው ሞት ጋር አያይዘው ነውና፣ ያም አብሮ ይጻፍ።

ከዚያ ሰሌዳውን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ፊቱ ለእንግዳ የተወለወለ ነው፤ ሥራው ያለው በጀርባው ነው። የመዶሻው ምት፣ ቀጥቃጩ ተሳስቶ የመለሰው መስመር፣ ከቅጥራኑ የቀረው ጥቁር ጥላ፣ አንዳንዴም የዋጋው ቁጥር በእርሳስ ተጽፎ እዚያ ይገኛል። ቀዳዳዎቹም ይቆጠሩ። አራት የተበሳ ሰሌዳ ሁለቱ ብቻ ዝገው ሁለቱ ንጹሕ ከሆኑ፣ በሁለት ምስማር ብቻ ተሰቅሎ ኖሯል ማለት ነው፤ ስድስት ከሆኑ ቤት ቀይሯል።